የጠርሙስ ድንችን አፈር ማስለመድ

በጎጃም ቆጋ መስኖ ብዙ ገበሬ ድንች የሚተክለው ካለፈው ምርት ባስቀረው ዘር ነው። ዘሩ በተደጋገመ ቁጥር ቫይረሱና አጠውላጊው ባክቴሪያ አብረውት ይከርማሉ። ንጹሕ መነሻ ዘር ከተፈለገ መንገዱ ቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ተክሉን ጠርሙስ ውስጥ ማባዛት ነው።

የቤተ ሙከራው ሥራ እጅ ከለመደው አያስቸግርም። ከሆለታ ምርምር ከወጡት ዝርያዎች ከበለጤ ወይም ከጉደኔ፣ ለበሽታ ከተመረመረ ተክል ለጋ ቀንበጥ ይወሰዳል። በ70 በመቶ አልኮል ለግማሽ ደቂቃ፣ በቀጠነ በረኪና ለ10 ደቂቃ ይጸዳል፤ ከጀርም በነጻ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። በረኪና የላዩን እንጂ የውስጡን ቫይረስ አይነካምና ምርመራው አይዘለልም። ቀንበጡ የሚያድግበት ምግብ ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 የቀመሩት ነው፤ በሊትር 30 ግራም ስኳር ይገባበታል፣ ፒኤቹ 5.7 አካባቢ ይስተካከላል፣ እንዲረጋ አጋር ተጨምሮ በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ይቀቀላል። ቀንበጡ በየአንጓው ተቆርጦ ይተከላል፤ በቀን 16 ሰዓት ብርሃን ካገኘ በወር ውስጥ እያንዳንዱ አንጓ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። እንደገና መቁረጥ ነው።

ብዙ ድካም መና የሚቀረው ችግኙ ከጠርሙስ በሚወጣበት ቀን ነው። ጠርሙስ ውስጥ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ሰም አላበጀም፣ ቀዳዳዎቹንም መዝጋት አልለመደም። የጎጃም የበጋ ነፋስ ሲያገኘው ሥሩ ሳይስብ ቅጠሉ ውሃውን ይጨርሳል፤ ጠዋት ቆሞ የነበረው ከሰዓት በኋላ እንደ ተቀቀለ ጎመን ይተኛል። ያኔ ውሃ አትጨምሩ! የደረቀው አየሩ ነው እንጂ አፈሩ አይደለም፤ ብታጠጡት ሥሩ ይበሰብሳል።

ይህ እንዳይደርስ መጀመሪያ የጠርሙሱን ክዳን አላልታችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። ከሥሩ ላይ አጋሩን ለብ ባለ ውሃ ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ፤ የቀረ ስኳር ሻጋታ ይጠራል። የማሳ አፈር አታስጠጉት፣ አጠውላጊው ያለው እዚያ ነው፤ በእንፋሎት የተቀቀለ አሸዋና ብስባሽ ይበቃል። ማምሻውን ትከሉ፣ ጥላ ሥር አኑሩ።

ብዙዎች ሙሉ ትሪውን በላስቲክ ይሸፍናሉ። እኔ የምመርጠው ግን ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ በየችግኙ ላይ መድፋት ነው፤ አንዱ ቢሻግት ለሌላው አይተርፍም፣ ክዳኑም እርጥበቱን መቆጣጠሪያ ይሆናል። የመጀመሪያውን ሳምንት ዝጉት፣ በሁለተኛው ክዳኑን አንሱ፣ በሦስተኛው ሃይላንዱን ማታ ማታ እያነሣችሁ አስለምዱት። ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ግን ውስጡ ይቀቀላል።

የድሮው ቅጠል ቢደርቅ አትደንግጡ፤ የምትጠብቁት ውጭ የበቀለውን አዲስ ቅጠል ነው። እሱን ስታዩ ወደ መረብ ቤት አዛውሩት፣ በሩንም ዝጉ፤ አንዲት ክሽክሽ ከገባች የሸሻችሁትን ቫይረስ መልሳ ታመጣዋለች።