ክሩን ሐይቅ ላይ አሳርፉ

ውድ የሐይቅና የአምባሰል ወጣቶች፣

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ታናናሾቻችሁ ስልክ ላይ እንደተጣዱ ይውላሉ። ዛሬ ቤት ውስጥ የምታስተምሯቸውን አንድ ትምህርት እንጠቁማችሁ። የሚያስፈልገው አንድ ካርቶን፣ እስክሪብቶና ክር ነው። ካርቶኑ ላይ የአፍሪካንና የእስያን ካርታ ሳሉ፤ ሐይቅንም በነጥብ አመልክቱ። ከዚያ በየጁሙዓው ከዐስር ሶላት በኋላ ክሩን ከከተማ ወደ ከተማ እየሳባችሁ አንድ መንገደኛ ተከተሉ፤ ኢብን በጡጣን።

ኢብን በጡጣ በ1304 እ.ኤ.አ. በሞሮኮ፣ ጠንጃ ከተማ ተወለደ። በ1325፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ሐጅ ለማድረግ ብቻውን ከቤቱ ወጣ። ጉዞው ግን መካ ላይ አላበቃም። ሕንድ፣ ማልዲቭስ፣ ቻይና፣ ማሊ እያለ ወደ 30 ዓመት ገደማ ፈጀ። ያየውን በፌዝ ከተማ ለጸሐፊው ለኢብን ጁዘይ ነግሮ ያስጻፈው መጽሐፍ በ1355 ተጠናቀቀ።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ቱኒስ ነው። መንገደኞቹ ሲደርሱ የከተማው ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው፤ ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ሰላም ተባባለ። ኢብን በጡጣን ግን የሚያውቀው ስላልነበረ ማንም ሰላም አላለውም። ብቸኝነቱ ከብዶት አለቀሰ። ያኔ ከሑጃጁ አንዱ የሆዱን አውቆ ቀረበና ሰላምታ ሰጠው፣ አጫወተውም። ልብ በሉ፤ ያ ሰው የሰጠው ገንዘብ አልነበረም። ግን ኢብን በጡጣ ከብዙ ዓመት በኋላም አልረሳውም። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ በክፍላችሁ፣ በመስጂዳችሁ ወይም በሰፈራችሁ ማንም የማያውቀውን አንድ እንግዳ ፈልጋችሁ ቀድማችሁ ሰላም በሉት።

ሁለተኛው ማረፊያ ዘይላ ነው። ካርታው ላይ ከዘይላ ቀጥ ብላችሁ ወደ ምዕራብ ብታሰምሩ ሐይቅ አካባቢ ትደርሳላችሁ። ኢብን በጡጣ ለእኛ በጣም የቀረበው እዚያ ነበር። ከተማዋ ትልቅ፣ ገበያዋም የደራ መሆኑን ተናግሯል። ነገር ግን የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ አስመርሮት፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። ስለ ዘይላ ሰዎች ጠባይ ብዙ አልነገረንም። ከዚያ ቀጥሎ በደረሰባት በመቅዲሹ ግን ሰዎቹ ቤት አሳደሩት፣ አበሉት፤ ስለ ደግነታቸውም በሰፊው አወራ።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ ተሳፋሪ ሐይቅን በመስኮት ለጥቂት ደቂቃ ያያታል። በዚያች ደቂቃ ብቻ ቢፈርድብን እንወዳለን? እኛስ? ከሐይቁ ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ኢብን በጡጣ ከመወለዱ በፊት የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር። በየቀኑ እያየነው ስላደግን ብቻ ስለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ታሪክ የምናውቅ ይመስለናል። የሳምንቱ የቤት ሥራ፦ ከጎረቤት አንድ ትልቅ ሰው በአክብሮት ጠይቁ፣ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙ።

ሦስተኛው ማረፊያ ማሊ ነው፤ ዘመኑ 1352። የንጉሡ ስጦታ መጣልህ ሲሉት ኢብን በጡጣ የክብር ልብስና ገንዘብ ጠበቀ። የመጣለት ሦስት ዳቦ፣ የተጠበሰ ሥጋና በቅል የቀረበ እርጎ ነበር። ሳቀባቸው! ብዙ ወር ተቀምጦ ካያቸው በኋላ ግን ፍትሐቸውንና የመንገዳቸውን ሰላም አደነቀ። ለጁሙዓ ነጭ ልብስ እንደሚለብሱ፣ ከአሮጌ ቀሚስ ሌላ የሌለው እንኳ እሱኑ አጥቦ እንደሚመጣ ጻፈ። መስጂዱ ስለሚሞላም ልጃቸውን መስገጃ አስይዘው ቀድመው እንደሚልኩ ነገረን። እርጎውን አይቶ ሲስቅ ይህን ሁሉ ገና አላየም ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን ነግሮናል። መተዋወቅ ደግሞ በጨረፍታ አይሆንም። ዓለምን የዞረው ሰው እንኳ ቸኩሎ ሲፈርድ ብዙ አምልጦታል። በስልካችን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይተን በአንድ ሕዝብ ላይ የምንስቅ እኛማ ምን ያህል ያመልጠን ይሆን?

በመጨረሻው ጁሙዓ ክሩን እሱ ያልደረሰባት ሐይቅ ላይ አሳርፉ። የወሎ ደረሳዎች ዒልም ፍለጋ ከሸህ ወደ ሸህ፣ ከአገር ወደ አገር በእግራቸው ይጓዙ ነበር። በሰፈራችሁ ደረሳ የነበሩ አባት ካሉ ሂዱና የት የት እንደቀሩ፣ በመንገድ ማን እንዳበላቸው፣ ማን እንዳሳደራቸው ጠይቋቸው። ታናናሾቻችሁ የሰሙትን አንድ ገጽ ይጻፉና ከካርታው ሥር ይለጥፉት።

አላህ ሰውን ሳይሰሙ ከመፍረድ ይጠብቀን። ያነበባችሁትን ዛሬውኑ ለታናናሾቻችሁ አውሩላቸው።