የስቴፐር ሞተር የቦታ ስሕተትን በምንጩ መለየት፦ ለመርሳ አካባቢ የጠብታ መስኖ ከታሰበ የውሃ መዝጊያ አንጻር

መግቢያ

በሰሜን ወሎ ዞን፣ በሀብሩ ወረዳ የምትገኘው መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ በፍራፍሬና በመስኖ እርሻ የምትታወቅ ከተማ ናት። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የተካሄደው የልማት ሥራም የጠብታ መስኖን ለአካባቢው አስተዋውቋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ለአንድ የችግኝ መደብ ውሃን በሰዓቱ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ በቤት ውስጥ መሥራት ለተማሪዎች ጠቃሚ ሙከራ ነው። ለማሳያነት መሣሪያው ከአርዱዪኖ ኡኖ ሰሌዳ፣ 28ቢዋይጄ-48 ከተባለው ባለ 5 ቮልት ስቴፐር ሞተር፣ ከዩኤልኤን2003 ድራይቨር እና ለስላሳ ቱቦን በብሎን ተጭኖ ከሚዘጋ መቆንጠጫ የተገጣጠመ ነው እንበል።

ይህ ሞተር የታዘዘውን እርምጃ መፈጸሙን ለማይክሮኮንትሮለሩ መልሶ አያሳውቅም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የላከውን ትእዛዝ ብዛት ብቻ ነው። በመሆኑም «ተዘግቷል» ተብሎ የተመዘገበ ቱቦ ክፍት ሆኖ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ሊፈስ፣ «ተከፍቷል» የተባለውም ተዘግቶ ችግኙ ሊደርቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሽቦና ኮድ ከመቀያየር በፊት የስሕተቱን ጠባይ መለየት ወደ መፍትሔው እንደሚያደርስ ያሳያል።

ሦስት የስሕተት ጠባዮች

የመጀመሪያው የስሌት ስሕተት ነው። የሞተሩ የጥርስ ቅነሳ ብዙ ጊዜ 64 ለ 1 ተብሎ ስለሚገለጽ በግማሽ እርምጃ አሠራር አንድ ሙሉ ዙር 4096 እርምጃ ተደርጎ ይጻፋል። በብዙዎቹ ሞተሮች ውስጥ ያሉት ጥርሶች ሲቆጠሩ ግን ቅነሳው 63.684 ለ 1 ገደማ ሲሆን፣ ዙሩ 4076 እርምጃ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ በዙር 1.8 ዲግሪ ገደማ፣ በ10 ዙር ደግሞ 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ስሕተት ከዙሩ ብዛት ጋር እኩል ያድጋል፤ ሞተሩ በዚያው ቁጥር ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ይጠፋል።

ሁለተኛው በጥርሶች መካከል ካለው ክፍተት የሚመጣ ነው። አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ይታያል፤ መጠኑም ዙሩ ቢበዛ ወይም ቢያንስ አይለወጥም።

ሦስተኛው የእርምጃ መጥፋት ነው። መጠኑ ከሙከራ ወደ ሙከራ ይለያያል፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመለስም አይታረምም። ለውሃ መዝጊያ እጅግ አደገኛው ይኸኛው ነው።

የመለያ ሙከራ

መቆንጠጫው ተፈትቶ በሞተሩ ዘንግ ላይ የወረቀት ጠቋሚ ይለጠፋል። ሞተሩ 10 ዙር ወደ ፊት ከዞረ በኋላ የጠቋሚው ቦታ ይመዘገባል፤ ከዚያም በእኩል እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሙከራው ደጋግሞ ከተሠራ ከላይ ከተገለጹት ጠባዮች የትኛው እንዳለ ይታወቃል። ቀጥሎ ይኸው ሙከራ መቆንጠጫው ተገጥሞ ይደገማል። እርምጃ የሚጠፋው ከጭነት ጋር ብቻ ከሆነ ፍለጋው በብሎኑ ሰበቃና በሞተሩ ጉልበት ላይ ያተኩራል፤ ያለ ጭነትም የሚጠፋ ከሆነ ወደ ኤሌክትሪኩና ወደ ፕሮግራሙ ይዞራል።

እርምጃ ሲጠፋ የሚፈተሹ ነጥቦች

ቀዳሚው የኃይል ምንጩ ነው። የእያንዳንዱ ጥቅል ሽቦ ሬዚስታንስ 50 ኦም ገደማ ስለሆነ በ5 ቮልት እስከ 100 ሚሊአምፔር፣ ሁለት ጥቅሎች አብረው ሲሠሩ ደግሞ እስከ 200 ሚሊአምፔር ይሳባል። የማይክሮኮንትሮለሩ አንድ እግር ከ40 ሚሊአምፔር በላይ መሸከም ስለማይችል ድራይቨር የግድ ያስፈልጋል። ለሞተሩ የተለየ የኃይል ምንጭ መስጠትና የሁለቱን ምንጮች አሉታዊ መስመር ማገናኘት ይገባል። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ቮልቴጁን በመልቲሜትር መለካትም ድክመቱን ያጋልጣል።

ቀጥሎ የጥቅሎቹ ቅደም ተከተል ይፈተሻል። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ቦታውን የማይለቅ ወይም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ከሆነ በአብዛኛው ምክንያቱ ይህ ነው። በአርዱዪኖ የስቴፐር ላይብረሪ የድራይቨሩ መግቢያዎች በ1፣ 3፣ 2፣ 4 ቅደም ተከተል መጻፍ ይኖርባቸዋል።

በመጨረሻ ፍጥነቱ ይታያል። ላይብረሪው በሚጠቀምበት የሙሉ እርምጃ አሠራር በእርምጃዎች መካከል 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ያህል ጊዜ ካልተሰጠ ሞተሩ ትእዛዙን መከተል ያቅተዋል። ፍጥነት ሲቀነስ ስሕተቱ ከጠፋ ምንጩ ታውቋል ማለት ነው።

የመነሻ ቦታ አስፈላጊነት

ከላይ ያሉት ሁሉ ቢስተካከሉም አንድ ችግር ይቀራል። መቆንጠጫው ተከፍቶ ሳለ መብራት ቢጠፋ ብሎኑ ባለበት ይቆማል፤ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ፕሮግራሙ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። ቁጥሩን በማስታወሻ ውስጥ ማኖርም የጠፋን እርምጃ አያስመልስም። ስለዚህ በመዝጊያው ጫፍ ላይ አነስተኛ ማብሪያ ማጥፊያ መግጠምና መሣሪያው በተነሣ ቁጥር እስኪነካው ድረስ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ማድረግ ያስፈልጋል። መብራት በጠፋበት ሰዓት መዝጋት የሚቻለው ግን ባትሪ ሲኖር ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ወደ ኋላ ሲመለስ የሚታረም ስሕተት በስሌት፣ በአቅጣጫ ለውጥ ብቻ የሚታይ በጥርስ ክፍተት፣ የማይታረመው ደግሞ በኃይል፣ በሽቦ፣ በፍጥነት ወይም በጭነት ይፈለጋል። ውሃን ለሚቆጣጠር መሣሪያ ግን የትእዛዝ ቆጠራ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቱቦው መዘጋቱ በማብሪያ ማጥፊያው መረጋገጥ አለበት።