ሞተሬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለኝ

ጥያቄ፦ ገጠር ለገጠር የምዞር የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ 125 ሲሲ የኮረኮንች ሞተር ሳይክል አለኝ። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ በውሃ ፕላስቲክ ከሚሸጡት ገዝቼ ሞላሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እግሬ እስኪዝል ብረግጠው አይነሳም። ቤንዚኑ ይሆን?

መልስ፦ ሳይሆን አይቀርም፤ ችግሩ የጀመረው ከሞሉ በኋላ ነውና። ግን ሳያረጋግጡ ካርቡሬተር አያስፈቱ። የቤንዚን መክፈቻውን ይዝጉና ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን አላልተው የሚወርደውን በንጹሕ ብርጭቆ ይቀበሉ። ጥቂት ደቂቃ ያስቀምጡት። ውሃ ካለው፣ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ ወሰኑ በዓይን ይለያል። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ግን የቅባት እድፍ ይተዋል። ነጭ ጋዝ በብርድ በደንብ አይተንም፤ ጠዋት የሚያደክምዎት እሱ ሊሆን ይችላል።

ከሁለቱ አንዱን ካዩ ታንከሩን እስከ መጨረሻው ያራግፉት። ብዙዎች ጥሩ ቤንዚን ከላይ ጨምረው ሊያቀጥኑት ይሞክራሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ውሃው እዚያው ከሥር ይቀመጣልና። ካንዴላውንም ፈትተው ያድርቁ፤ ከጠቆረ ይቀይሩት። ቤንዚኑ ንጹሕ ከሆነ ግን የካንዴላውን እሳትና የካርቡሬተሩን ጂግለር መካኒክ ይይልዎት።

አደራ፣ ይህን ሁሉ ደጅ ላይ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው ያድርጉት።