የውርስ መሣሪያ ዋጋ፦ የቀጥቃጭ ዕቃዎች እንደ ጥናት ማስረጃ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የቀጥቃጭነት ሙያ በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ልጅ የሚረከባቸው ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻና ጉጠት ግን ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። የወናፉ ቆዳ ሲቀደድ ይለወጣል፤ የመዶሻው እጀታ ሲሰበር ይተካል፤ መስፉ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊሻገር ይችላል። ስለሆነም አሮጌ የሚባለው መሣሪያ ነባርና አዲስ ክፍሎች የተጣመሩበት በመሆኑ፣ ዋጋው በቁሱ ጥንታዊነት ሊለካ አይችልም። የመስፉ ገጽ መጎድጎድና የእጀታው መላግ የባለሙያውን አሠራርና የእጅ አያያዝ ይመሰክራሉ።

ውርሱ ሸክምም አለው። ቀጥቃጮች «ቡዳ» እየተባሉ ይገለሉ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱ ወዲያው አልጠፋም። ስድቡን የሸሸ ወራሽ ሙያውን ሲተው ብረቱ ይቀራል፤ ዕውቀቱ ግን ከአባቱ ጋር ይቀበራል።

በመሆኑም የቁሳዊ ባህል አጥኚ ባለሙያው በሕይወት ሳለ የክፍሎቹን የአካባቢ ስም፣ የጥገናቸውን ታሪክና የአጠቃቀማቸውን ሥርዓት ሊመዘግብ ይገባል። ዝገትን መጥረግ የአጠቃቀም ምልክቶችን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ከምዝገባው መቅደም የለበትም።