ፎም ለያዘው የቢስቲማ ግንበኛ

ልጄ፣ ለሠርግ ቢስቲማ የመጣሁ ዕለት ያሳየኸኝ ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። ሁለት የፎም ሰሌዳ፣ በመካከላቸው ክፍተት፤ አርማታው እዚያ ይሞላል፣ ፎሙም እንደ ካሳፎርማ ሳይነቀል ግድግዳው ላይ ይቀራል። «ፈጠራዬ ነው» አልከኝ። ሰው ፊት ስለነበርን ዝም አልኩ።

1. መጀመሪያ የብቃት ማረጋገጫህን አውጣ፤ ሲኦሲ የምትሉትን። እኔ የተፈተንኩት በሽበቴ ነው። ልጄ የሚሆን ፈታኝ ቱምቢ ጥሎ ማዕዘኔ መሳቱን ሲያሳየኝ ላብ አጠመቀኝ። የኛ ዘመን ግንበኛ «እጄ ይመስክር» እያለ ኖረ። እጅ ጨረታ ላይ አይመሰክርም።

2. ሐሳቡ ያንተ አይደለም። አብሽር፣ አያሳፍርም። ቨርነር ግሬጎሪ የሚባል ካናዳዊ ተቋራጭ በ1966 እ.ኤ.አ. (በኛ 1958) የፈጠራ መብት አመልክቶበታል። የሱ ፎም ቁመቱ 41፣ ርዝመቱ 122 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኛ 20 በ40 ብሎኬት ፊት ብትለካው ስድስቱን ያህላል። ያ መብት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ማንም ይሠራበታል። ደስ ያለኝ ሰውዬው የሙያ ሰው መሆኑ ነው፤ ካሳፎርማ መግጠምና መንቀል አንገሽግሾት ይሆናል።

3. ያንተ የሆነው ሰሌዳዎቹን የያዝክበት ማሰሪያ ነው፤ ከስታፋ ቁርጥራጭ የሠራኸው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ እንዲህ ላለው አነስተኛ ፈጠራ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አለው፣ 5 ዓመት፣ ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ ሌላ 5። ንድፉን አስነሥተህ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሳታስገባ ለሰው አታሳይ። ሠርጉ ድንኳን ውስጥ ለኔ እንዳሳየኸኝ ማለቴ ነው! የማሰሪያውንም ጫፍ ዝገት እንዳይበላው አስብበት።

4. የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው። እርጥብ አርማታ ሊትሩ 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሦስት ሜትር ግድግዳ ባንድ ትንፋሽ ብትሞላ፣ ከሥር ያለውን ፎም በካሬ ሜትር ወደ 7 ቶን ይገፋዋል። ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ስንሞላ ዝናብ መጣ ብለን ተጣደፍን። ካሳፎርማው ሆዱ ተነፋ፣ አንዱ ጣውላ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ሁሉም መሬት ላይ ፈሰሰ። እስኪመሽ በአካፋ ጠረግን፣ የቀን ሠራተኞቹን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ። ያ ጣውላ ነበር፣ ያንተ ፎም ነው። ሜትር ሳይሞላ አቁም፣ ዙሪያውን ዞረህ እይ፣ የታችኛው ጨርሶ ሳይጠነክር ቀጣዩን ሙላ። ቪብሬተሩንም እንደ ሶሌታ ሥራ አትጫነው።

5. ፎም ይቀልጣል፣ ይነዳል፣ ጭሱ ይገድላል። ከውስጥ ሳትለስን ቁልፍ አታስረክብ።

6. «ብርድም ሙቀትም አያስገባም» እያልክ ለቆላው ሰው ልትሸጥ አስበሃል። ወረዳህ ወረባቦ ከአፋር ጋር ይዋሰናል፣ ገበያው አለ፤ ግን እዚያ ቤቱን የሚያቃጥለው ቆርቆሮው ነው። ኮርኒሱን ሳታስብ ግድግዳውን ብቻ ብታለብሰው ደንበኛህ በመጀመሪያው በጋ ይሰድብሃል፣ እውነቱንም ነው።

7. ፌሮ አትቀንስ። «አርማታው በፎም ታቅፏል፣ ምን ይሆናል» ያልከኝ አልተመቸኝም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ እኔ ገና ጀርባ ላይ የምታዘል ሕፃን ነበርኩ፤ እናቴ እስክትሞት ድረስ ታወራው ነበር። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። ፌሮው ሽቅብም ይቁም፣ አግድምም ይተኛ፤ ስንት በስንት እንደሆነ መሐንዲስ ያስላልህ፣ እኔም አልገምትልህም።

8. የመጀመሪያውን የሰው ቤት ላይ አትሞክር። የእናትህ የፍየል ጋጣ ከወደቀ ቆይቷል፣ በሱ ጀምር። አንዱን ግድግዳ በፎም፣ ሌላውን በብሎኬት ሥራና የሁለቱንም ሲሚንቶ፣ ፌሮና የቀን ወጪ ጻፍ። የምትሞላበትን ቀን ንገረኝ፤ ቱምቢዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ቪብሬተርም ከሰው እለምንልሃለሁ።