ካምፕ ዴቪድ ለምን ጸና? ኦስሎ ለምን ፈረሰ?

የእስራኤልና የአረቦች ግጭት በተነሳ ቁጥር «እነዚህ ሰዎች መቼም አይታረቁም» የሚል ድምዳሜ ይሰማል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። እስራኤልና ግብፅ ከ1948 እስከ 1973 ድረስ በአራት ትላልቅ ጦርነቶች ተፋልመዋል፤ ከ1979 ወዲህ ግን አንድም ጊዜ አልተዋጉም (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፍልስጤማውያን ጋር በ1993 የተጀመረው ሂደት ደግሞ አሥር ዓመት ሳይሞላው በደም ተቋረጠ። ሁለቱ ስምምነቶች፣ ካምፕ ዴቪድና ኦስሎ፣ እንዴት እንደተዋቀሩ ጎን ለጎን ብናይ፣ ወደፊት ሰላም የሚገኝበትን መንገድ ለመለየት ይረዳናል።

እስራኤል በሰኔ 1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነት ሲናን፣ ጋዛን፣ ዌስት ባንክን፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምንና የጎላን ኮረብታዎችን ያዘች። በዚያው ዓመት ኅዳር የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 242ን አሳለፈ። የውሳኔው መንፈስ «መሬት ለሰላም» በሚል ይታወቃል፤ እስራኤል ከያዘችው መሬት ትወጣለች፣ ጎረቤቶቿም ህልውናዋን ተቀብለው በሰላም ይኖራሉ። ምን ያህል መሬት የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ሲናን በተመለከተ ክርክሩ እልባት አግኝቷል። የግብፁ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት በኅዳር 1977 ኢየሩሳሌም ሄደው በእስራኤል ፓርላማ በክኔሴት ንግግር አደረጉ። በመስከረም 1978 ደግሞ ከጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኼም ቤጊን ጋር፣ በፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሸምጋይነት፣ አሜሪካ ካምፕ ዴቪድ ውስጥ ለ13 ቀናት ተደራደሩ። የተስማሙበት ነገር ግልጽ ነበር፤ ሲና በሙሉ ለግብፅ ይመለሳል፣ ግብፅም ለእስራኤል ሙሉ ዕውቅና ትሰጣለች።

አፈጻጸሙ ጊዜ ወስዷል። ውሉ በመጋቢት 1979 ከተፈረመ በኋላ የእስራኤል ጦር በሦስት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወጣ። የትኛው ጦር የት ድረስ፣ በምን ያህል ብዛት ሊቆም እንደሚችል የሚወስኑ ቀጠናዎች ተከለሉ፤ ይህንን የሚከታተል የብዙ አገሮች ኃይልም ሲና ውስጥ ሰፈረ። የእያንዳንዱ እርምጃ መድረሻ አስቀድሞ ስለታወቀ፣ ክኔሴት የሲና የሰፈራ መንደሮች እንዲነሱ የሚያደርገውን ስምምነት በ84 ድጋፍና በ19 ተቃውሞ አጸደቀው። ግብፅ በዚህ ውል ምክንያት ከአረብ ሊግ ታገደች፤ ሳዳትም በጥቅምት 1981 ተገደሉ። ሆኖም ከስድስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1982፣ እስራኤል ከሲና መውጣቷን አጠናቀቀች። ውሉ ከፈራሚው ዕድሜ በላይ ኖረ።

የካምፕ ዴቪድ ሌላው ሰነድ ግን ብዙም አይታወስም። ይህ ሰነድ ለፍልስጤማውያን የአምስት ዓመት የሽግግር ጊዜ የራስ አስተዳደር ሰጥቶ፣ የመጨረሻውን ዕጣ ለኋላ ድርድር ይተወዋል። በወረቀት ላይ ቀረ። ኦስሎ በ1993 ያነሳው ይህንኑ ሐሳብ ነው።

በኦስሎ ስምምነት የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢንና የፍልስጤማውያኑ መሪ ያሲር አራፋት ተጨባበጡ። እስራኤልና የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅትም ዕውቅና ተሰጣጡ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ድንበር፣ ኢየሩሳሌም፣ ስደተኞች፣ ሰፈራዎችና ጸጥታ ግን ለመጨረሻው ድርድር ተላለፉ። የፍልስጤም መንግሥት ይመሠረታል የሚል ቃልም በሰነዱ ውስጥ የለም።

በድንበር የተካሰሱ ሁለት ገበሬዎች «እርሻውን እንጀምር፣ ወሰኑን ኋላ እናበጀዋለን» ቢባሉ ምን ያደርጋሉ? እያንዳንዱ ማረሻውን ወደ ጎረቤቱ መግፋቱ አይቀርም። በኦስሎም የሆነው ይኸው ነው። ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውጭ በዌስት ባንክ የሚኖሩት እስራኤላውያን ሰፋሪዎች በ1993 ከ100 ሺህ ጥቂት ይበልጡ ነበር፤ በ2000 ወደ 200 ሺህ ተጠጉ። በ1995 በተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት የዌስት ባንክ አብዛኛው ክፍል በእስራኤል ቁጥጥር ሥር ቆየ።

የተራዘመው የሽግግር ጊዜ ለሰላም ጠላቶችም አመቺ ሆነ። በየካቲት 1994 አንድ ሰፋሪ ኬብሮን ውስጥ በጸሎት ላይ የነበሩ 29 ሙስሊሞችን ገደለ። የፍልስጤማውያኑ ታጣቂ ቡድን ሐማስ በአጥፍቶ ጠፊዎች የእስራኤል አውቶቡሶችን አፈነዳ። ሁለተኛው ስምምነት በክኔሴት ያለፈው በ61 ለ59 ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላም ራቢን በአንድ እስራኤላዊ ጥይት ወደቁ። በ2000 ካምፕ ዴቪድ ላይ የተደረገው ድርድር ከሸፈ፤ ሁለተኛው የፍልስጤማውያን አመፅ (ኢንቲፋዳ) ፈነዳ።

እርግጥ ሲና ቀላሉ ጉዳይ ነበር። በረሃ ነው፤ ሕዝቡ ጥቂት ነው፤ ሁለት ሃይማኖቶች የሚካሰሱበት ቅዱስ ቦታ አልነበረበትም፤ ግብፅም ጦርና አንድ ወሳኝ መሪ ያላት አገር ነበረች። ዌስት ባንክና ጋዛ ከዚህ እጅግ ይከብዳሉ። ነገር ግን ጉዳዩ በከበደ መጠን፣ መድረሻውን አለማወቅ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

በ2002 ቤይሩት ላይ የአረብ ሊግ አንድ የመጨረሻ ሥዕል አቅርቦ ነበር፤ እስራኤል ከ1967ቱ ጦርነት በፊት ወደ ነበራት ድንበር ብትመለስና የፍልስጤም መንግሥት ቢቆም፣ አረቦች ሁሉ ከእርሷ ጋር መደበኛ ግንኙነት ይመሠርታሉ። በ2020 የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችና ባሕሬን የፍልስጤምን ጥያቄ ሳይፈቱ ከእስራኤል ጋር ተስማሙ። ጥያቄው ግን ከመድረክ አልጠፋም። በጥቅምት 7 ቀን 2023 ሐማስ በእስራኤል ላይ ባደረሰው ጥቃት 1,200 ያህል ሰዎች ሲገደሉ፣ በተከተለው ጦርነት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጋዛ ነዋሪዎች አለቁ። በጥቅምት 2025 የተደረሰው የተኩስ አቁምም እንደ ኦስሎ ደረጃ በደረጃ እንዲፈጸም የታቀደ ነበር።

እንዲህ ያለ ስምምነት እንዲጸና ግን የፖለቲካ ለውጥ ያስፈልጋል። ፍልስጤማውያን የምክር ቤት ምርጫ ያደረጉት ለመጨረሻ ጊዜ በ2006 ነው፤ ከ2007 ጀምሮ ጋዛና ዌስት ባንክ በሁለት የተለያዩ ኃይሎች ሲገዙ ቆይተዋል። ክኔሴት በበኩሉ በሐምሌ 2024 የፍልስጤም መንግሥት መመሥረትን በ68 ለ9 ድምፅ ተቃውሟል። ሕዝቡን ወክሎ የሚፈርምና ፊርማውን የሚያስከብር አመራር በሁለቱም ወገን ካልተገኘ፣ የትኛውም ዕቅድ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ አዲስ ዕቅድ ሲታወጅ አንባቢ ሦስት ነገሮችን ይመርምር። መጨረሻው ምን እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል? እስኪደረስበት ድረስ መሬቱን ማን እንዳይነካው ይጠብቃል? የፈረሙት ሰዎች ከሥልጣን ቢወርዱ ወይም ቢሞቱ ውሉን የሚያስቀጥል ተቋም አለ? ለሲና ሦስቱም ነበሩ፤ ለኦስሎ አንዱም አልነበረም። የሁለቱ ሕዝቦች ልጆች በሰላም ማደግ ይገባቸዋል፤ ይህን የሚመኝ ሁሉ ከመጨባበጡ ፎቶ ይልቅ እነዚህን ጥያቄዎች አጥብቆ ይያዝ።