የሦስት ቀን ስንቅ ለአሶሳ ዙሪያ የእግር ጉዞ

በአሶሳ ዙሪያ በእግር ለመጓዝ ስንቅ ሲሰናዳ ቀድሞ የሚታሰበው ውኃ ነው። ደጋ የለመደ ተጓዥ ይህን ችላ ይላል፤ ከከተማዋ ወደ ኩርሙክ አቅጣጫ በወረዱ ቁጥር ግን ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ። ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ይከፋል፣ ትንንሽ ወንዞችም ይደርቃሉ።

ቀጥሎ ውኃውን አስሉ። ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን ለሰው 5 ሊትር ያዙ። ሁለት ተጓዦችና አንድ መንገድ መሪ ለሦስት ቀን 45 ሊትር ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ 45 ኪሎ ሸክም ነው። ስለዚህ አህያ ተከራይታችሁ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ጫኑ፣ የቀረውን በየኮዳችሁ ያዙ። በመንገድ የምትሞሉ ከሆነ በየትኛው መንደር የእጅ ፓምፕ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ሰሞኑን እየሠራ መሆኑንም አጣሩ። የወንዝ ውኃ በንጹሕ ነጠላ ተጣርቶ፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይፍላ።

ከምግቡ ዋናው በሶ ነው፤ እሳት አይፈልግም። ከቤት ሳትወጡ ከጨውና ከስኳር ጋር ደባልቁትና ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 150 ግራም ያህል በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሉት። ቀትር ላይ ጥላ ስር አረፍ ብላችሁ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ ባለበት ኮዳ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩና ክዳኑን ገጥማችሁ በደንብ በጥብጡት። ጨዉ በላብ የወጣውን ይተካል። ጭኮ በዚህ ሙቀት አልመክርም፤ ቅቤው ቀልጦ ሻንጣ ያበላሻል። ገብስ ቆሎውን ከአሶሳ ገበያ በምትገዙት ኦቾሎኒ አጠንክሩት።

እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ፣ ሽሮና ዘይት ራት ይሆናሉ። የማንጎ ወቅት ከሆነ በመነሻችሁ ቀን ብሉት፤ ለሸክም ይከብዳል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ቋንጣ ከመያዛችሁ በፊት መንገድ መሪያችሁን አማክሩ። የአካባቢው ነዋሪ የሆኑት በርታዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ ሥጋው የሙስሊም እርድ ካልሆነ ከእናንተ ጋር አይቆርሱም። ኦቾሎኒና ሽሮ ግን ሁሉንም ያስማማሉ፣ ለጾመኛም ይሆናሉ። አብሮ የሚጓዝ ሰው ከማዕድ መራቅ የለበትም።

ለማታ ከርከዴ አፍሉ። አልኮል ውኃ ስለሚያሳጣ ይቅር። በበጋ ሣሩና ሽመሉ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል አነስተኛ ቡታጋዝ ያዙ፤ እንጨት ካነደዳችሁም ሣር በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ይሁን፣ ስትነሡም ውኃ አፍስሱበት።

በመጨረሻ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ፣ የግማሽ ቀን በሶና 2 ሊትር ውኃ ለመጠባበቂያ ለዩ። ሽንት ከጠቆረ ወይም ራስ ካዞረ ቆማችሁ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ቀስ በቀስ ጠጡ። ይህ መጠባበቂያ አህያዋ ላይ አይጫን፤ ወደ ኋላ ብትቀር እንኳ በእጃችሁ እንዲኖር ከእናንተ አንዱ ይሸከመው።